አንደኛው ሩብ ዓመት ክረምት ነው

በጥር 2012 ዓ.ም. በአንድ ምሽት፣ ዴንቨር በበረዶ ተሸፍና ሳለ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ የሰባት ሰዎችን የፈተና ወረቀት አርም ነበር። ተፈታኞቹ ተማሪዎች አልነበሩም። በኢትዮጵያ ያልተማከለ አስተዳደርን ይደግፍ በነበረ አንድ የአሜሪካ የእርዳታ ፕሮግራም ውስጥ ለጥናት አማካሪነትና ለአርታኢነት ያመለከቱ ባለሙያዎች ነበሩ። ፕሮግራሙን የሚያስፈጽመው ድርጅት የዶክትሬት ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ ቀጥሮኝ ነበር፤ የቅጥር ኮሚቴውን እንድመራ ያደረገኝም ሁለት ነገር ተመልክቶ ነው። አንደኛው ኢኮኖሚስት መሆኔ፣ ሁለተኛው ደሴ ተወልጄ ማደጌ። ይህን ሁለተኛውን ምክንያት አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

የአርታኢነቱ ፈተና አጭር ነበር። ሦስት ገጽ የእንግሊዝኛ ረቂቅ ይሰጣቸዋል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቋንቋውን አቃንተው ይመልሳሉ። ረቂቁ በደቡብ ወሎ ስለሚገኙ ጥቂት ወረዳዎች የካፒታል በጀት አጠቃቀም ይተርካል። ከሠንጠረዡ ሥር የሰፈረው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ ወረዳዎቹ በአንደኛው ሩብ ዓመት፣ ማለትም ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት የበጋ ወራት፣ ለግንባታ ከያዙት ገንዘብ ያወጡት እጅግ ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ይህም የዕቅድ ድክመታቸውን ያሳያል።

ከተፈታኞቹ አንዷ በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር፣ በሙያዋ የተመሰከረላት አርታኢ ነበረች። ያንን ዐረፍተ ነገር ወልውላ፣ ለሁለት ከፍላ፣ አንባቢ ሳይደናቀፍ እንዲያልፈው አድርጋ መለሰችው። ሌላው ተፈታኝ ደሴ የሚኖር፣ በአንድ ወረዳ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ለዓመታት የሠራና በኋላ ወደ ትርጉም ሥራ የገባ ሰው ነበር። እርሱ ነጠላ ሰረዞቹን እንኳ አልነካቸውም። በኅዳጉ ላይ ግን በአማርኛ እንዲህ ጽፏል፦ «አንደኛ ሩብ ዓመት ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ነው። ክረምት ነው። በክረምት ምን ይገነባል?»

አነበብሁት። ልክ መሆኑንም ወዲያው ዐወቅሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ረቂቁን ያዘጋጀው ተመራማሪ የወረዳዎቹን «አንደኛ ሩብ ዓመት» የፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ አድርጎ ወስዶታል። ስለዚህ የሐምሌን ጭቃ የጥር ፀሐይ አደረገው፤ ዝናብ ያስቆመውን ሥራም የሰው ስንፍና አድርጎ አቀረበው። ደሴ ላደገ ሰው ይህ ማስረጃ የሚጠየቅበት ጉዳይ አይደለም።

ከዚያም የነጥብ ወረቀቱን አየሁ። «መመሪያን በትክክል መከተል» የሚል መስፈርት ነበረው፤ መመሪያው ቋንቋውን ብቻ አቃኑ ይላል። ከደሴ የመጣው ወረቀት ቋንቋውን አላቃናም። ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት፣ ፈረምሁ፣ ተኛሁ። ማስታወሻውን ለተመራማሪው አስተላልፋለሁ ብዬ ነበር፤ ከሰነዱ ብዛት ጋር ተረሳ። ሪፖርቱ ከነስሕተቱ፣ በሚያምር እንግሊዝኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዙር ድጋፍ ወረዳዎቹ «የዕቅድ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል» ከተባሉት ተራ ተመደቡ።

ስለዚያ ምሽት የምጽፈው ኑዛዜ ለማቅረብ ብቻ አይደለም። ያልተማከለ አስተዳደርን የሚደግፉ ፕሮግራሞች ማንን ለጽሑፍ ሥራ እንደሚቀጥሩ፣ እንዴት እንደሚመዝኑትና ምን እንደሚከፍሉት የአስተዳደር ጥያቄ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ሪፖርቱ የሚጻፈው ለማን እንደሆነ የሚወሰነው በቅጥሩ ሰነድ ላይ ነው። ተጠያቂነቱም ወደዚያው አንባቢ ያዘነብላል።

ገንዘቡ ሲወርድ ጽሑፉ ሲወጣ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ትእዛዝ በገንዘብ መልክ ወደ ወረዳ የወረደው በ1994 ዓ.ም. አካባቢ፣ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በተጀመረው የወረዳ ማሻሻያ ነው። ከዚያ ወዲህ ወረዳዎች ከክልሉ ጥቅል ድጎማ ይቀበላሉ፤ የመምህሩን፣ የጤና ባለሙያውንና የግብርና ልማት ሠራተኛውን ደመወዝ ከዚያው ይከፍላሉ።

የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ በመጣው ቀውስ ለጋሾች ለፌዴራል መንግሥቱ በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቋረጡ። ይሁን እንጂ የገጠሩ መምህር ደመወዝ እንዲቋረጥ አልፈለጉም። መውጫ መንገድ ሆኖ በ1998 ዓ.ም. የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ተወለደ። የዓለም ባንክ፣ ብሪታንያ፣ የአውሮፓ ኅብረትና ሌሎችም ገንዘባቸውን አስተባብረው በጥቅል ድጎማው በኩል ወደ ወረዳዎች አወረዱት። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሦስተኛው ምዕራፍ የዓለም ባንክ ብቻውን 600 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር።

የዚህ ፕሮግራም ንድፍ አንድ ብዙ ጊዜ የማይወሳ በጎ ጎን ነበረው። ገንዘቡ ወደታች ሲወርድ መረጃውም አብሮ እንዲወርድ ታስቦ ነበር። ወረዳዎች በጀታቸውን ተራ ሰው በሚረዳው መልክ በሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ተደረገ። የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራሙም፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2011 በጀመረው ሁለተኛ ምዕራፉ፣ ከ200 በሚበልጡ ወረዳዎች ነዋሪዎች ለትምህርት ቤቱና ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጡበትን፣ ከዚያም ከኃላፊዎች ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገሩበትን መድረክ ፈጠረ።

ለዶክትሬት ጥናቴ በወሎ ገጠር ስዘዋወር ከእነዚህ ሰሌዳዎች አንዱ ፊት ቆሜ ነበር። አንድ አዛውንት ገበሬ በጥሞና ካነበቡ በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ይህ ሁሉ ብር መደበኛ ከሆነ፣ መደበኛ ያልሆነው የቱ ነው?» አሉኝ። «መደበኛ በጀት» ለሒሳብ ሠራተኛ የዓመት ዓመት ወጪ ማለት ነው። ለእርሳቸው ግን «መደበኛ» ማለት ሥርዓት የያዘ፣ ትክክለኛ ማለት ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ከፊሉ ገንዘብ ከሥርዓት ውጭ ነው የሚላቸው መሰላቸው። እኔ ማብራሪያ ስደረድር፣ በአጠገባችን ያለፈ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ «መደበኛው ደመወዙ ነው፣ አባባ፤ ሌላው መሥሪያው ነው» ብሎ ጉዳዩን ጨረሰው።

አርትዖት የምለው ይህን ነው። አንባቢውን ማወቅ፣ ቃሉ በአንባቢው ጆሮ ምን ሆኖ እንደሚሰማ ማወቅ፣ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ነገር ማወቅ። ያ ሠራተኛ ሦስቱንም ነበረው። በማንኛውም ፕሮግራም የባለሙያ ዝርዝር ውስጥ ግን «አርታኢ» ተብሎ አይገባም።

የነጥቡ ስሌት

አንባቢዎቼ ቁጥር ስለምትወዱ ስሌቱን አብረን እንሥራ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 የግዥ ደንቡን እስኪለውጥ ድረስ ይሠራበት የነበረው የአማካሪዎች መምረጫ መመሪያ ለቴክኒክ ምዘና ከ100 ነጥብ እንዲህ ይደለድል ነበር፦ ለድርጅቱ የሥራ ልምድ እስከ 10፣ ለአሠራር ዘዴው ከ20 እስከ 50፣ ለቁልፍ ባለሙያዎች ከ30 እስከ 60፣ ለዕውቀት ሽግግር እስከ 10፣ ለአገሬው ባለሙያዎች ተሳትፎ እስከ 10።

የባለሙያዎቹ ነጥብ ደግሞ በቀድሞው ናሙና የጨረታ ሰነድ መሠረት በሦስት ይከፈል ነበር። አጠቃላይ ብቃት ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ለሥራው ተስማሚነት ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ የአካባቢው ልምድና ቋንቋ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይይዙ ነበር። እንግዲህ ቋንቋ፣ ባህል፣ የአስተዳደር ሥርዓቱን ማወቅ፣ ሁሉም ተደምረው ቢበዛ 12 ነጥብ፣ ቢያንስ 3 ነጥብ ያወጡ ነበር። በክረምትና በበጋ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ በዚህ ሚዛን የሚገኘው በእነዚያ 3 ወይም 12 ነጥቦች ውስጥ ነው።

እኔ የሠራሁበት ፕሮግራም የባንኩ አልነበረም። ከቀድሞዎቹ የወረስሁት የነጥብ ወረቀት ግን የዚያው ቤተሰብ ነው። ቢጋሩ ውስጥ «እጅግ የላቀ እንግሊዝኛ» ግዴታ ነበር፤ «አማርኛ ወይም ሌላ የአገሪቱ ቋንቋ» ደግሞ «ተመራጭ ያደርጋል» በሚለው ሥር ተቀምጧል። የመጨረሻው ሰነድ ለዋሽንግተን አንባቢ ስለሚጻፍ የዋሽንግተንን ቋንቋ የሚያቃናው ሰው አስፈላጊ ሆነ። የወረዳውን ቋንቋ የሚያውቀው እንደ ትርፍ ተቆጠረ።

ይህ ሚዛን የሚያስከፍለው ዋጋ ከአንድ ሠንጠረዥ ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአኙዋ ስደተኞች ለዓለም ባንክ የቁጥጥር ፓነል አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታው የመሠረታዊ አገልግሎቶቹ ፕሮግራም በጋምቤላ ከሚካሄደው የመንደር ምሥረታ ጋር ተያይዟል የሚል ነበር። ፓነሉ እ.ኤ.አ. በ2014 ባጠናቀቀው ሪፖርት፣ ባንኩ በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል የነበረውን የአፈጻጸም ትስስር በሚገባ እንዳልመረመረና በዚህም የራሱን ደንብ እንዳልጠበቀ አመለከተ። በመስኩ ያሉ ሰዎች ሁለቱን ፕሮግራሞች በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ሠራተኛ እጅ ያዩዋቸዋል። በሰነዱ ላይ ግን ትስስሩን በሚገባ የሚመረምር ምዕራፍ አልነበረም። የጎደለ ነገር በማቃናት ብቻ አይገኝም፤ የጎደለውን የሚያውቅ አንባቢ ያስፈልገዋል።

የትናንት ደመወዝ

ሁለተኛው ነገር ክፍያው ነው። በአሜሪካ የእርዳታ ውሎች ውስጥ አማካሪ የሚሆን ሰው ለብዙ ዓመታት አንድ የታወቀ ቅጽ ይሞላ ነበር፤ ቅጹም ያለፉትን ዓመታት ደመወዝ ይጠይቃል። የቀን ክፍያ ተመኑ የሚሰላው ከዚያ ነው። ምክንያቱ ክፉ አልነበረም፤ የሕዝብ ገንዘብ እንዳይባክን ነው። ውጤቱ ግን ትናንት በዝቅተኛ ገበያ የሠራ ሰው ነገም በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሠራ ማሰር ሆነ። የደሴው ሰው ተመን የወጣው ከወረዳ ደመወዙ ነው። የዋሽንግተኗ ተመን የወጣው ከዋሽንግተን ገበያ ነው። በአንድ ፈተና፣ ለአንድ ሥራ፣ ልዩነቱ በብዙ እጥፍ ነበር።

ኢኮኖሚስቶች ዋጋ መረጃ ይሸከማል እንላለን። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተሸከመው መረጃ የተሳሳተ ነበር። የቅጥር ኮሚቴው አንድ አባል የደሴውን ሰው ተመን አይቶ «ጀማሪ ይመስላል» አለ። እኔም ዝም አልሁ። ከዕድሜዬ የማይተናነስ የሥራ ልምድ ያለው ሰው በደመወዙ ትንሽነት ጀማሪ ተባለ።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2021፣ የኮሎራዶ የእኩል ሥራ እኩል ክፍያ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ቀጣሪዎች የአመልካችን የቀድሞ ደመወዝ እንዳይጠይቁ ይከለክላል፤ ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጡም የሚከፍሉትን እንዲገልጹ ያስገድዳል። መነሻው በሴቶችና በወንዶች መካከል ያለው የክፍያ ልዩነት ነበር፤ አመክንዮውም አንድ አድልዎ ከሥራ ወደ ሥራ እየተንከባለለ ዕድሜ ልክ እንዳይከተል ማድረግ ነው። ዴንቨር ተቀምጬ እኔ ራሴ በዚህ ሕግ ተጠቃሚ ሆንሁ። በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ደግሞ በማዶ ላሉ ባለሙያዎች ያለፈ ደመወዛቸውን እየጠየቅሁ ተመን አወጣ ነበር።

ሰማያዊው መጽሐፍ በአውሮራ

ሌላ ዓይነት አሠራር እንዳለ የተማርሁት ከመኖሪያዬ ነው። ኮሎራዶ ያልተማከለ አስተዳደርን በራሷ መንገድ ስትኖር ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ1902 የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ ዴንቨር ከተማም ካውንቲም ሆና በራሷ ቻርተር እንድትተዳደር ተፈቀደላት፤ አውሮራም ዛሬ በራሷ ቻርተር ትተዳደራለች። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የግብር ከፋዮች መብት ማሻሻያ ደግሞ ግብር ያለ መራጩ ፈቃድ እንዳይጨምር ደነገገ። በዚህም የተነሣ ተራው ነዋሪ የግብር ጥያቄዎች እየቀረቡለት አዎ ወይም አይ ይላል።

ለመወሰን ማንበብ ይኖርበታል። ለዚህ ሲባል ሕገ መንግሥቱ ራሱ የግዛቲቱ ምክር ቤት ገለልተኛ የጥናት ሠራተኞች ፍትሐዊና ከአድልዎ የራቀ ማብራሪያ አዘጋጅተው ከምርጫው በፊት መራጮች ላሉበት ቤት ሁሉ እንዲልኩ ያስገድዳል። ሰዎች በሽፋኑ ቀለም «ሰማያዊው መጽሐፍ» ይሉታል። ጸሐፊዎቹ ረቂቁን አውጥተው ከማንም ሰው አስተያየት ይቀበላሉ፤ አርመው እንደገና ያወጣሉ። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ይታተማል። እነዚህ ሰዎች የጥናትና የአርትዖት ባለሙያዎች ናቸው፤ የሚጽፉት ግን ወደላይ ሳይሆን ወደ ጎረቤቶቻቸው ነው።

መጽሐፉ በአማርኛ ስለማይታተም፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 አውሮራ ውስጥ ከሃቫና ጎዳና ብዙም በማይርቅ አዳራሽ፣ ከጓደኞቼ ጋር ለእናቶችና ለአባቶች ስናስረዳ አመሸን። በድምፅ መስጫው ላይ «ፕሮፖዚሽን ኤችኤች» የሚባል የንብረት ግብር ጉዳይ ነበር። እኔ ስለ ግብሩ ምጣኔ በስላይድ ሳስረዳ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ቤት ለሌለን ሰዎች ነገሩ ምንድን ነው? ምን እናገኛለን፣ ምንስ እናጣለን?» አሉ።

ስላይዱን ዘጋሁት። የጥያቄው መልስ ከንብረት ግብሩ ላይ አልነበረም። ግዛቲቱ ከተፈቀደላት ጣሪያ በላይ ስትሰበስብ ለግብር ከፋዩ የምትመልሰው ገንዘብ ላይ ነበር፤ ፕሮፖዚሽኑ ቢጸድቅ ግዛቲቱ ከዚያ ገንዘብ የበለጠ እንድታስቀር ይፈቅድላታል። ባለቤቱ በንብረት ግብሩ ቅናሽ ያገኛል፤ ተከራዩ የሚያየው ከሚመለስለት ቼክ ላይ ነው። ዝግጅቴን ሁሉ ገልብጬ ከዚህ ጀመርሁ። መራጩ ሕዝብ ጉዳዩን በኋላ ውድቅ አደረገው። እኔ ከዚያ አዳራሽ ይዤ የወጣሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ለአንባቢ መተርጐም ከጀመርህ ትንታኔው ራሱ ይለወጣል፤ የትኛው ቁጥር ፊት እንደሚመጣ የሚወስነው አንባቢው ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። የዴንቨርና የአውሮራ ከተሞች በጀት ዓመት በፈረንጆቹ ጥር ይጀምራል። የኮሎራዶ ግዛት በጀት ዓመት ሐምሌ 1፣ የፌዴራሉ መንግሥት ጥቅምት 1 ይጀምራሉ፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። የኢትዮጵያው ሐምሌ 1 ከኮሎራዶው በአንድ ሳምንት ብቻ ይዘገያል። ስለዚህ እኔ በምኖርበት ሰፈር ውስጥ እንኳ ሦስት «አንደኛ ሩብ ዓመቶች» አሉ። «የትኛው?» ብሎ ለመጠየቅ ደሴ መወለድ አያስፈልግም ነበር። የነጥብ ወረቀቱ ግን ለጠያቂ ነጥብ አልነበረውም።

ከተዘጋ በኋላ

እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2025 የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም የሚያዝ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ወጣ። የሥራ ማቆሚያ ደብዳቤዎች ተከተሉ፤ ሐምሌ 1 ቀን 2025 የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት ሥራውን አቆመ። እኔም ሥራዬን አጣሁ። ላፕቶፑን ከመመለሴ በፊት ፋይሎቼን ስለይ የ2012ቱን የቅጥር ማኅደር ከፈትሁት። ማስታወሻው በኅዳጉ ላይ እንዳለ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሃቫና ጎዳና ላይ ባለ የሐበሻ ቡና ቤት፣ በአገር ቤት የወረዳ ሒሳብ ሹም ሆነው ለብዙ ዓመት የሠሩና ዛሬ በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ የሌሊት ፈረቃ ለሚሠሩ አንድ ጋሼ ጉዳዩን አጫወትኋቸው። እንደምጠብቀው አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኛም እኮ ሪፖርት የምንጽፈው ለበላይ ነበር» አሉ። «ዞኑ ምን መስማት እንደሚፈልግ እናውቃለን። የናንተ ልዩነቱ የበላያችሁ ባሕር ማዶ መሆኑ ነው።» ቡናቸውን ቀመስ አድርገው፣ «ሰሌዳውን የምጽፍ ቀን ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንባቢዎቹ ማታ መንገድ ላይ ያገኙኛላ» ብለው ሳቁ።

በዚህ አባባላቸው ውስጥ የተጠያቂነት ንድፈ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አለ። አንባቢው ጸሐፊውን መንገድ ላይ የሚያገኘው ከሆነ ጽሑፉ ይጠነቀቃል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተገቢ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ የአሜሪካ ግብር ከፋይም ሒሳብ የመጠየቅ መብት አለው፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛው ሪፖርት ቅንጦት አይደለም የሚል ነው። እቀበለዋለሁ። የምከራከረው ያ ሪፖርት ብቻውን እንዳይሆን ነው። ደግሞም የተሳሳተው ሠንጠረዥ ግብር ከፋዩንም አታልሏል። ሁለተኛው፣ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚል ነው። በአማራ ክልል ብቻ እንኳ አማርኛ፣ በከሚሴ ኦሮምኛ፣ በአዊ አገውኛ፣ በዋግ ኽምራ ኽምጣኛ ይሠራባቸዋል። ወጪው እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡን በየወረዳው ማድረስ ውድ ነው ብሎ በዋና ከተማ ያስቀረ ፕሮግራም ያልተማከለ አይባልም። የመረጃውም ነገር እንዲሁ ነው።

«እርዳታውን ለአገሬው ማስረከብ» የሚለውም መፈክር ይህን አልነካውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የድርጅቱ ኃላፊ ሳማንታ ፓወር ከቀጥታ ድጋፉ አንድ አራተኛው ለአገር በቀል ድርጅቶች እንደሚሄድ ቃል ገቡ፤ በ2023 የበጀት ዓመት የደረሰው ከ10 በመቶ በታች ነበር። ቁጥሩ ቢሞላ ኖሮ እንኳ የሚቆጠረው የድርጅቱ አድራሻ ነው። አዲስ አበባ የተመዘገበ ድርጅትም ያንኑ የእንግሊዝኛ ሪፖርት ወደዚያው አንባቢ ይልካል።

የዛሬው እርዳታ በሌላ ስም፣ በሌላ ለጋሽ፣ ምናልባትም በእኛው በዲያስፖራው መዋጮ ይመለሳል። ከአንባቢዎቼ አንዳንዶቻችሁ ያንጊዜ በቅጥር ኮሚቴ ትቀመጣላችሁ። ሦስት ነገር ለምኜ ልጨርስ።

በመጀመሪያ፣ በቢጋሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ የአንባቢው ማንነት ይጻፍ። አንባቢው የወረዳው ነዋሪ ከሆነ የቋንቋው ዕውቀት ከ«ተመራጭ» ወደ «ግዴታ» ይሸጋገራል፤ እንግሊዝኛው ደግሞ በኋላ የሚተረጐም ይሆናል። ቀጥሎ፣ የአርታኢነት ፈተና ውስጥ ሆን ተብሎ አንድ የፍሬ ነገር ስሕተት ይቀመጥ፤ ከነጥቡም ግማሹ ያንን ላገኘ ይሰጥ። በሦስተኛ ደረጃ፣ ክፍያው ለሥራው ይተመን። የሰውየው ያለፈ ደመወዝ አይጠየቅ። ኮሎራዶ ለነዋሪዎቿ ያደረገችውን እኛ ለወገኖቻችን የማናደርግበት ምክንያት የለም።

ይህ ሁሉ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን ሲጽፍ የኢኮኖሚ ሐሳቦችን ለአገሩ አንባቢ በአማርኛ ማስረዳት ነበረበት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1924፣ እርሱ ካረፈ በኋላ ታተመ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የመጣን የኢኮኖሚ ዶክተሮች ግን ስለ ወረዳ የምንጽፈውን ወረዳው እንዲያነብ አድርገን መጻፍ ትርፍ ሥራ ሆኖብናል።

ባለፈው የበጋ ወራት ለደሴው ሰው ደብዳቤ ጻፍሁለት። ማን እንደሆንሁ፣ ምን ነጥብ እንደሰጠሁት፣ ልክ እርሱ እንደነበረ ገለጽሁለት። በሁለተኛው ቀን መለሰልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ። ቅር አላለኝም፤ ሥራ በዕድል ነው። ሠንጠረዡ ግን ታረመ?»

አልታረመም ነበር። ሪፖርቱ የነበረበት ድረ ገጽ ተዘግቷል፤ ቅጂው ግን በብዙ ሰው ማኅደር ውስጥ አለ። ስለዚህ ሠንጠረዡን ከወረዳዎቹ የራሳቸው ሪፖርት ላይ እንደገና ሠራሁት፤ ወራቱን በስማቸው ጻፍሁ፤ ከሥሩ አንድ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ አከልሁና እንዲያርምልኝ ላክሁለት። የቀን ክፍያውን በእኔ ተመን አሰብሁለት። በሁለት ቦታ አርሞ መለሰልኝ። አንዱ የፊደል ግድፈት ነው። ሌላው «የካፒታል በጀት አፈጻጸም ምጣኔ» ያልሁትን ሰርዞ «ለሥራ ከያዝነው ውስጥ ያወጣነው» ብሎ የጻፈው ነው። ሁለቱንም ተቀብዬ ገጹን ለወረዳዎቹ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች ልኬዋለሁ።